አትክልተኛውና እምቢ ያለው ሞተር

ከሥራ ስንመለስ፣ ባልደረባዬ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከአትክልተኛው አጎቷ ጋር መንገድ ላይ ተገናኘች። አዛውንቱ አሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር በጋሪ ጭነው ይገፋሉ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ብረት ገዢው! አራት ቀን ገመዱን ስጎትት ትከሻዬ ወለቀ። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን አጠብኩ፤ እምቢ አለ። የጎመኑ ችግኝ ዛሬ ውሃ ካላገኘ የዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።»

«ሁሉንም ባንዴ ከነካኩት የታመመውን በምን ይለዩታል? እስቲ ልየው።»

«አንቺ የተማርሽው የሰው ደም ነው፤ ሞተር ደግሞ መቼ ተማርሽ?»

«ደምም ቢሆን የሚመረመረው አንድ በአንድ ነው፣ ጋሼ።»

እያጉረመረሙ ጋሪውን ወደ ማሳቸው መለሱት፤ እኛም ተከተልናቸው። እሷ መጀመሪያ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታች፤ ያን ያህል ተጎትቶም ደረቅ ነው። ከሞተሩ አካል ጋር አስነክታ ገመዱን ብትስበው ሰማያዊ እሳት ተፋ።

«እሳት አለ። ቤንዚን ግን አልደረሰም» አለችና ካንዴላውን መለሰች።

«ሙሉ ነው እኮ! ራሴ ነኝ የሞላሁት።»

የቤንዚኑን ጎማ ከካርቡራተሩ ነቀለችው። ሁለት ሦስት ጠብታ ወርዶ ቆመ። የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ክዳን ስትከፍት ግን አየር ፉሽ ብሎ ገባና ቤንዚኑ ወረደ። ክዳኑን ገልብጣ አየችው።

«ይህችን ቀዳዳ በሰም የደፈናት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! አቧራ እንዳይገባ ነው። ጥንቃቄም ወንጀል ሆነ?»

«በዚያች ነው የሚተነፍሰው። ቤንዚኑ ሲጎድል ቦታውን አየር ካልተካው አይወርድም።»

ሰውየው ሰነፍ አለመሆናቸውን ልብ አልኩ፤ ጥፋቱም የመጣው ከትጋታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ጥፋት ደግሞ ባለቤቱ ራሱ አይጠረጥረውም።

ጎማውን መልሳ ክዳኑን አላልታ ገጠመችና ሁለቴ ብትስበው ሞተሩ ተነሳ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ! በይ ውሃውን እንልቀቀው!»

እሷ ግን ክዳኑን አጠበቀችው።

«ምን ነካሽ? የተነሳውን ሞተር ልታጠፊው ነው?»

«የእጄ በረከት መስሎዎታል። ምክንያቱን ካላዩት ነገም መልሰው ይደፍኑታል።»

ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ አሳለው፣ ተንተባተበና ጠፋ።

«ገደልሽው!»

ሰሙን በመርፌ ቁልፍ ፈልፍላ አወጣችው። «አሁን እርስዎ ይሳቡት።»

በመጀመሪያው ተነሳ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ክዳኑን አዩት።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ካንዴላውም ደህና ነበር፣ ዘይቱም ደህና ነበር። አንድ በአንድ ባየው ኖሮ ትከሻዬም ይተርፍ ነበር፤ ደህናውን ሞተርም ለብረት ገዢ አልገፋም ነበር።»

ይህን ብለው አውራ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ላይ ተከሉ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ችግኙ ይጠጣ እንጂ!»

«ቆይ፣ አትቸኩይ። እኔም በእጄ ልየው።»

እሷ በተራዋ ትቁነጠነጥ ጀመር። ሞተሩ ማሳል ሲጀምር ጣታቸውን አነሱ፤ ድምፁም ተስተካከለ።

«አሁን ገባኝ» አሉና ውሃውን ወደ ጎመኑ ለቀቁት።