የሊኬው ልዑል ሌንሱን በምን ይጠብ?

ፀሐይዋ ከቡድሃው ገዳም ጣሪያ ጀርባ ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ ሊኬ በሚባለው የታይላንድ ሕዝባዊ ቴአትር ልዑል ሆኖ የሚጫወተው ፕራዮንግ ከመድረኩ ኋላ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ነበር። ግማሽ ፊቱ ነጭ ተቀብቷል፤ አንዱ ዓይኑ ተኩሏል፣ ሌላው ገና ነው። የሚፈልገው ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት ስስ የዓይን ሌንስ ነበር። ዓይኑ ላይ ሊያደርጋት ሲል ከጣቱ አምልጣ ጣውላው ላይ ወድቃበታለች። ያለ ሌንስ ደግሞ ልዑላችን ራቅ ብሎ የቆመን ዝሆን ከቁም ሣጥን አይለይም።

«ማንም ሰው እግሩን እንዳያነሳ!» ብሎ ጮኸ።

ከበሮ መቺውም፣ ቀልደኛው ቡንሎምም፣ ልዕልት የምትሆነው ልጅም ባሉበት ደርቀው ቆሙ። በመጨረሻ የልዑሉ ጣት ሌንሷን ዳብሶ አገኛት። እፍ አለባት፤ ከዚያም እንደ ሁልጊዜው አጠገቡ ካለው የነሐስ ሳህን ውስጥ ነከር ነከር አደረጋት። በሳህኑ ያለው የገዳሙ አበምኔት ጠዋት ለተዋንያኑ የባረኩት ጠበል ነው። ልክ ጣቱን ወደ ዓይኑ ሲያነሳ ከበስተኋላው እሪታ ተሰማ።

«ኧረ አጎቴ ይተዉ! ዓይንዎን!»

ፕራዮንግ ደንግጦ ሌንሷን ሊጥላት ምንም አልቀረው። ዞር ሲል አንዲት ወጣት በአንድ እጇ ስኩዊድ የሚሉትን የባሕር እንስሳ ጥብስ እንደያዘች ቆማለች። እርሱ ግን የሚታየው ብዥ ያለ ቢጫ ቀሚስ ብቻ ነበር።

«ማነሽ አንቺ? በቁሜ ልትገድይኝ ነው?»

«ራምፋ ነኝ አጎቴ፤ የፒኩን ልጅ። በዓሉን ዞር ዞር ብዬ ለማየት መጥቼ፣ በዚህ ሳልፍ ድምፅዎን ሰማሁና ሰላም ልበል ብዬ ነው።»

«የፒኩን ልጅ! አንቺ ከበሮው ሥር ትተኚ የነበርሽው?» ፊቱ በደስታ በራ። ፒኩን ለብዙ ዓመታት ልዕልቱ ሆና ከእርሱ ጋር የተጫወተች ሴት ናት፤ አንድ ዓይኗ ነጭ ለብሶ መድረኩን እስክትተው ድረስ። ልጇ ባንኮክ ሄዳ የዓይን ምርመራ ትምህርት መማሯን፣ አሁን ደግሞ በከተማው መነጽር ቤት መሥራቷን ሰምቷል። «ቆይ ሌንሴን ላድርግና በወጉ ልይሽ።»

«አያድርጓት፤ እለምንዎታለሁ። ቀኝ ዓይንዎ እኮ ደም መስሏል።»

«እሱማ ከኩሉ ነው። መብራቱም አለ፤ የገበያው ጭስም አለ።»

«ያምዎታል?»

«ቆርቆር ያደርገኛል እንጂ አያመኝም።»

«ብርሃን ሲያዩስ?»

ፕራዮንግ ፊቱን አዞረ። ቡንሎም ግን አፉ አያርፍምና «ትናንትና በጠራራ ፀሐይ በፎጣ ተሸፍኖ ነው የዋለው» ብሎ አጋለጠው።

ራምፋ ስኩዊዱን ለቡንሎም አስያዘችና ከልዑሉ ፊት በአክብሮት ቁጭ አለች። «አጎቴ፣ ሌንሷን በምን እንዳጠቧት አየሁ። ያ ውሃ ነው ዓይንዎን የሚያቆስለው።»

እዚህ ላይ ፕራዮንግ ተቆጣ። «ምን አልሽ? አበምኔቱ የባረኩት ጠበል ዓይን ያጠፋል ነው የምትይኝ? እዚሁ ገዳም ግቢ ውስጥ ቆመሽ?»

«ቡራኬውን ማን ይነካል? ከራስዎ ላይ ይርጩት፤ ለእኔም ይርጩልኝ፣ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። የምጠይቅዎ ስለ ውሃው ነው። ከየት ተቀዳ?»

«ከገንቦው።»

«ገንቦው ውስጥስ ከየት ገባ?»

«ከጣሪያው የወረደ ዝናብ ነዋ! ከዚያ የጠራ ውሃ አለ?»

«ጣሪያው ላይስ ምን አለ አጎቴ?»

ፕራዮንግ ባይታየውም ቀና አለ። ማየትም አላስፈለገውም፤ ኩርኩርታው ይሰማል። «እርግቦች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከበሮ መቺው ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አበምኔቱስ ያንን ውሃ ሳያፈሉ ይጠጡታል?»

«ያፈሉታል እንጂ።»

«ታዲያ የእርሳቸው ሆድ ከእርስዎ ዓይን ይበልጣል?»

ፕራዮንግ ሞኝ አልነበረም። ዕድሜውን በመድረክ ላይ ግጥም ሲወራወር የኖረ ሰው፣ ጥያቄ ሲያፋጥጠው ያውቃል። ግን እንዲህ ያለ ሰው የሚሸነፈው በክርክር አይደለም፤ ክርክር ለእርሱ እንጀራው ነው። ስለዚህ የቀረውን ድንጋይ ሁሉ መወርወር ጀመረ። መምህሩም በዚሁ ሳህን ፊታቸውን ታጥበው ነው ስመ ጥር የሆኑት አለ። መምህርዎ ሌንስ ነበራቸው ወይ ስትለው፣ ዘመኑን ወደ መስደብ ዞረ። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በጠርሙስ ካልገዙ አያምኑም አለ። በመጨረሻም ማለት የሌለበትን አለ።

«እናትሽ እኮ ዓይኗን ያጣችው ከጨዋታ በፊት ለጥበቡ መምህራን የሚደረገውን ስግደት ስላጓደለች ነው። ውሃውን አታሳብቢ!»

ፕራዮንግን ወዲያው ቆጨው፤ ቃል ግን ከወጣ ወጣ።

ራምፋ አልጮኸችም። «እናቴ ስግደት አጓድላ አታውቅም» አለች። «ዛሬም በአንድ ዓይኗ እየሰገደች ነው። ሌንሷን ግን በዚሁ ሳህን ታጥብ ነበር። በውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ሌንስ ላይ ተጣብቀው ሲገቡ የዓይንን መስታወት እየበሉ ያቆስሉታል። እንደ እርስዎ፣ መጀመሪያ ኩሉ ነው አለች። ቀጥላ መብራቱ ነው አለች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ረፍዶ ነበር። ያን ጊዜ የነገራት ሰው አልነበረም አጎቴ። ለእርስዎ ግን የሚነግር ሰው ይኸው ፊትዎ ተቀምጧል።»

ልዑሉ ሌንሷን ከዓይኑ አራቃት። «እሺ፣ ውሃው ይቅር። በምን ልጠባት? በምራቄ?» አለ።

«በምራቅማ የባሰ ነው! አፍ ውስጥ ስንት ጉድ አለ።»

«የቡንሎም አፍ ከሆነ እውነትሽን ነው» አለ ፕራዮንግ። ሳቁ ተመለሰ። ራምፋም በዚህ መሐል ከቦርሳዋ ሁለት ነገር አወጣች፤ ክዳኑ ቀይ የሆነ ጠርሙስና አንዲት ጠባብ ረዘም ያለች የሌንስ ማሳደሪያ ዕቃ።

«ይህ ፐሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት የሌንስ ማጽጃ ነው። እኔም ማታ ማታ ሌንሴን የማሳድረው በዚህ ነው፤ ይህቺ ዕቃ አዲስ ናት፣ ለእርስዎ ትሁን። የወደቀችውን ሌንስ ይጣሏት፤ አንድ ጊዜ ተበክላለች። ገና ያላደረጓትን የግራዋን ይስጡኝና ላሳይዎት። ግን በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና።»

ፕራዮንግ እያጉረመረመ ታጠበ፤ በንጹሕ ፎጣም አደረቀ። የግራዋን ከሣጥኗ አውጥቶ ሰጣት። ራምፋ ሌንሷን ከዕቃው ክዳን ጋር በተያያዘችው ትንሽ ወንፊት ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ከቦርሳዋ ደግሞ ባወጣችው፣ ለሌንስ ማለቅለቂያ በተዘጋጀ የጨው ውሃ አለቀለቀቻት። ፈሳሹን እስከ ምልክቱ ሞላችና ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ለማየት ተንጋጋ። ከዕቃው ሥር አረፋ ተነሳ፤ ተግተልትሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ሌንሷ በአረፋው መሐል ትደንስ ጀመር።

«ኧረ ፈላ!» አለች ልዕልቷ እጇን እያጨበጨበች።

«እሳት ሳይነካው!» አለ ከበሮ መቺው።

«ሩዝ ጨምሩበት!» አለ ቡንሎም፤ የራምፋን ስኩዊድ ከጨረሰው ቆይቷል።

ፕራዮንግ ዕቃዋን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ እያየ እንደ ሕፃን ተደነቀ። «ይህ ሁሉ የእኔ ቆሻሻ ነው? ይህን ሁሉ እድፍ ዓይኔ ላይ ለጥፌ ነበር የምዘፍነው? አበቃ! ተሸነፍኩ! ልጄ፣ አሸነፍሽኝ!»

ራምፋ እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይ አጎቴ፣ እንዲህ ብዬ ላሸንፍዎ አልፈልግም። አረፋው ቆሻሻ አይደለም። ትናንት የተገዛ ንጹሕ ሌንስ ብንጨምርም ልክ እንዲሁ ይፈላል። ከሥር ያለችው ቀለበት ናት ፈሳሹን ቀስ እያለች ወደ ውሃና ወደ አየር የምትለውጠው። ተሕዋስያኑን የሚገድለው ፈሳሹ ነው፤ እሱ ሲገድል ግን አይታይም። ያላዩትን ነገር በቃሌ ነው የሚያምኑኝ።»

ፕራዮንግ ዕቃዋን ዝቅ አደረገ። ከመድረኩ ማዶ፣ በበዓሉ ገበያ፣ አንድ መድኃኒት ሻጭ በድምፅ ማጉያ ይለፈልፋል፤ ቅባቱ ሪህንም፣ ሳልንም፣ የባል ኩርፊያንም ያድናል። ፕራዮንግ ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጎን ነው ያረጀው። ጥርስ ሳያም የሚነቅሉ፣ ከጆሮ ትል የሚያወጡ፣ ትሉን ደግሞ በእጅጌያቸው ይዘው የሚመጡ። ሁሉንም ያውቃቸዋል።

«ስሚ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዘመን በየገዳሙ በዓል መድኃኒት ሲሸጥ ሰምቻለሁ። ‹ይህቺን እንኳ መድኃኒቴ አልሠራትም› ያለ ሻጭ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ድሉን እጅሽ ላይ አስቀምጬልሽ መለስሽልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ እርግቡም፣ ስለ ተሕዋስያኑም፣ ስለ እናቱም አይዋሽም። ፒኩንንም ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ በአፌ ነው የበደልኳት። አሁን ገና አመንኩሽ።» እጁን ዘረጋ። «በይ አምጫት፣ ኃይሉ ሳይበርድ ላድርጋት!»

«እንዳይነኳት!» ራምፋ ዕቃዋን በሁለት እጇ ከደነቻት። «ስድስት ሰዓት ሳይሞላት አትወጣም! አሁን ዓይንዎ ላይ ብትሆን እንደ ቃሪያ ነው የምታንጨረጭርዎ። ፈሳሹ ወደ ውሃነት እስኪለወጥ ይቆያል። ከጠርሙሱም በቀጥታ ወደ ዓይን ጠብ አይደረግም፤ ክዳኑን ቀይ ያደረጉት ለዚሁ ነው።»

«ስድስት ሰዓት? መጋረጃው ሊከፈት አይደለም እንዴ! የሰይፍ ግጥሚያ አለብኝ! አንቺ ልጅ፣ አጠመድሽኝ!»

«አዎ፣ አጥምጄዎታለሁ» አለች ራምፋ ሳትሸፋፍን። «ለዚያ ቀይ ዓይን ዛሬ የትኛዋም ሌንስ አትፈቀድም። ነገ ጠዋት ሆስፒታል እኔው እወስድዎታለሁ። ማታ ሌንስዎን አውልቀው የቡድኑን የጭነት መኪና ሲነዱ በምንድን ነው የሚያዩት?»

ልዑሉ ግራ ቀኝ አየና በሹክሹክታ «መነጽር አለኝ» አለ። «ግን አድርጌው ሰው አይቶኝ አያውቅም።»

«ዛሬ ይይዎታ!»

«አበድሽ? የፊት ረድፍ እመቤቶች የአበባ ጉንጉን የሚያጠልቁልኝ ለዚህ ዓይን ነው! ወፍራም መነጽር ያደረገ ልዑል የት አገር ነው ያየሽው?»

«ዓይነ ስውር ልዑልስ?»

ፕራዮንግ የዘውዱን ሣጥን ከፍቶ ከሥሩ መነጽሩን ይፈልግ ጀመር።

ልብሱን እየለበሰ ሳለ ራምፋ የቀረውን ነገረችው። ሌንስ ውሃ የሚባል ነገር አይንካው፤ የገንቦም፣ የቧንቧም፣ የመታጠቢያ ቤትም። ፈሳሹ በየቀኑ አዲስ ይሁን፤ የትናንቱ ኃይሉ አልቋል። ዕቃዋም ከአዲስ ጠርሙስ ጋር ትለወጥ። የራስን ሌንስ ለሌላ ተዋናይ ማዋስ፣ አድርጎ መተኛትም ክልክል ነው። ልዕልቷ ይህን ስትሰማ ቀስ ብላ ቡንሎምን አየችው፤ ሰማያዊ ሌንሷን ትናንት ጅን ሆኖ ሲጫወት ያዋሰችው ለእርሱ ነው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ወደፊት የሆነውን እዚሁ እንንገራችሁ። በማግስቱ ሐኪሙ በፕራዮንግ ቀኝ ዓይን ላይ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ቁስል አገኘ፤ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ብሌኑ መሐል ትደርስ ነበር። የዓይን ጠብታ መድኃኒቱ ብዙ ሳምንት ፈጀ፣ ዓይኑ ግን ዳነ። ሐኪሙ ሲፈቅድለት በአዳዲስ ሌንሶች ተመለሰ። ዛሬ ከጨዋታ በኋላ በቡድኑ መኪና ውስጥ ስማቸው የተጻፈባቸው ዕቃዎች ተደርድረው ሲፈሉ ይታያሉ፤ ዓይን የሚያክ፣ በመብራት የሚያለቅስ ተዋናይ የለም። ጠበሉም አልቀረም፤ ራስ ላይ ይረጫል። ጥቂት ትዕግሥትና አንድ ጠርሙስ የስንት ሰው ዓይን እንደሚያተርፍ እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ።

ያን ምሽት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። የታወቀው ጎንጉ፣ ያ ትልቁ የነሐስ ደወል፣ ተመትቶ መጋረጃው መከፈቱ ነው። ልዑሉ በብልጭልጭ ልብሱ፣ በዘውዱና እንደ ጠርሙስ ቂጥ በወፈረ መነጽሩ ብቅ አለ። አንዳንዱ በጣቱ ጠቆመው። ሊኬ ግን እዚያው የሚፈጠር ግጥም ነውና፣ ከበሮውን በእጁ ጠርቶ ጀመረ፤

«ልዑሉ መነጽር አጠለቀ ብላችሁ አትሳቁ ወገኖቼ፣
በጭጋግ ነበር የማያችሁ፣ ዛሬ ገና ነቁ ዓይኖቼ።»

ሳቁ ግቢውን አናወጠው። ፕራዮንግ ልቡ ሞልቶ ወደ ፊት ረድፍ ተመለከተ። ጭጋግ መስለው የኖሩት ፊቶች ሁሉ አሁን አፍንጫና ሽብሽባት፣ ፈገግታም ነበራቸው። ጉንጉን የያዘችው አሮጊት ትኩር ብላ አየችው። ጉንጉኑን ጭኗ ላይ አኖረች፤ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና እያፈረች መነጽሯን አወጥታ አደረገች። ጎረቤቷ ይህን አይታ የራሷን ፈለገች። ሦስተኛዋም ተከተለች። ቀስ በቀስ የፊት ረድፉ በሙሉ ባለ መነጽር ሆነና አፉን ከፍቶ ልዑሉን ያየው ጀመር።

ፕራዮንግ ሰይፉን ጣለና ከት ብሎ ሳቀ።

«ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሳንተያይ ነው የተዋደድነው!» አለ።