ብርሃን የገለበጠው የዜማ ደብተር

አዛውንቱ የመዘምራን አለቃ ፔኒሲማኒ በቶንጋ ደሴቶች የክብር አለባበስ ወግ ወገባቸው ላይ ሰሌናቸውን ታጥቀው የኔያፉ ከተማን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ከምትወጣው ከእኅታቸው ልጅ ከሌሲዬሊ ጋር ድንገት ተገናኙ። በብብታቸው አባታቸው ዜማውን በቁጥር፣ እያንዳንዱን ድምፅ በአንድ ቁጥር እየወከሉ፣ የጻፉበትን ደብተር ይዘዋል። የሚሄዱት ወረቀት ሊገዙ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ስድስት ቀን ቀርቷል፤ ለአርባ ዘማሪ በእጃቸው የገለበጡት ግን ገና ዘጠኝ ነው። ዓምና ሲገለብጡ ሦስቱን አምስት አድርገው ስለጻፉት፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ዘማሪዎች በጉባኤው ፊት ከዜማው ወጥተው ተስቆባቸው ነበር።

መምህርቷ ሌሲዬሊ ትምህርት ቤቱ የፎቶ ኮፒ ማሽን እንዳገኘ ነግራ፣ ደብተሩን ይዘው እንዲገቡ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን የማሽኑ ብርሃን የአባቴን ቀለም ይመጠዋል ብለው እምቢ አሉ።

በቶንጋ የእኅት ልጅ ከእናቷ ወንድም የወደደችውን ብትወስድ ከልካይ የላትም። ፔኒሲማኒ ይህን ስለሚያውቁ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ጠበቅ አደረጉት።

«አጎቴ፣ መብቴ መሆኑ አይጠፋኝም» አለቻቸው። «ግን ሳያምኑበት መውሰድ አልፈልግም። ገብቶዎት በገዛ እጅዎ እንዲያስቀምጡት ነው የምፈልገው።»

የሌሲዬሊ መማር ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ታየ፤ ማዘዝ ስትችል ማስረዳትን መርጣለችና።

«እንግዲያው አስረጂኝ» አሉ ሽማግሌው፤ «እንደ ሕፃን ግን አታባብይኝ።»

ቢሮ ሲገቡ ሌሲዬሊ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉሯ ላይ አሸት አሸት አድርጋ ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት ስታስጠጋው፣ ወረቀቱ ብድግ እያለ ተለጠፈበት።

«ማሽኑ ውስጥ ከበሮ የመሰለ ነገር አለ» አለች። «በጨለማ ላዩ በሙሉ እንደዚህ ማበጠሪያ በኤሌክትሪክ ይሞላል። መብራቱ ደብተሩ ላይ ሲበራ፣ ነጩ ወረቀት ብርሃኑን ወደ ከበሮው ይመልሰዋል፤ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ኤሌክትሪኩ ይለቀዋል። ጥቁሩ ቀለም ግን ብርሃን አይመልስም፤ ስለዚህ በጽሕፈቱ ልክ ኤሌክትሪኩ እዚያው ይቀራል። የሚነሰነሰውን ጥቁር ዱቄት የሚይዘውም ያ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀቱም ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ዱቄቱን ይስበዋል፤ ሙቀት አቅልጦ ያጣብቀዋል።»

ፔኒሲማኒ ደብተሩን ገለጥ አደረጉ። «ብርሃኑ የሚያጠፋው ባዶውን ቦታ ነው በይኛ። የአባቴ ቀለም ባለበት ነው?»

«ባለበት። በፀሐይ ገልጠው ያነበቡት ያህል ይቁጠሩት።»

ደብተሩን ራሳቸው መስተዋቱ ላይ አጋደሙት። ትኩሱ ወረቀት ሲወጣ እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው ተከትለው አንድም ስሕተት አጡ። ጠርዙ ላይ የነበረው የኮኮናት ዘይት ጠብታ ሳይቀር ጥላው ወጥቷል። «አባቴ እየበላ ሲጽፍ እናቴ ትቆጣው ነበር» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቀጥለውም የወፍራሙን ድምፅ ዜማ እዚያው አንጎራጎሩት። ከምሳ በፊት አርባውም ቅጂ ተዘጋጀ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ከእርጥበትና ከነፍሳት ተጠብቆ በቆርቆሮ ሣጥን ተቀመጠ። በመገልበጥ ያልቅ የነበረው ጊዜያቸውም ሕፃናትን ዜማ ለማስተማር ዋለ።

በጉባኤው ዕለት ወፍራም ድምፆቹ አንዲት ቁጥር ሳይስቱ ዘመሩ። ፔኒሲማኒ ሃያ ዓመት ሙሉ ደብተሩን እንዳያዩ የከለከሏቸው የጎረቤት መንደር መዘምራን አለቃ አይሳኬ፣ እፍረት እየተሰማቸው ጠጋ ብለው አንዴ ልመልከተው አሉ። ፔኒሲማኒ ሙሉውን ቅጂ አስታቀፏቸው።

«መቼ ልመልስልህ?» አሉ አይሳኬ።

«አትመልሰው፤ ዘምረው» አሉ ፔኒሲማኒ።