ሜትሬን የተዋሰ ሰው

ነይ እስቲ፣ እዚህ ሶፋው ላይ አረፍ በይ። እግርሽን ከፍ አድርጊው፤ ሰባት ወር ቀልድ አይደለም። ትራሱን ከወገብሽ ኋላ... እሱን አይደለም፣ ትልቁን። እንደሱ! ቀኑ ደስ አይልም? ነፋስ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ያ የጎረቤት ውሻ እንኳን ዛሬ አፉን ይዟል። ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ቀን ነው። አባባ ጓዳ ሆነው ጣታቸውን በሙቅ ውኃ እያፍታቱ ነው። እስኪመጡ እኔ ይቺን የቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ላጫውትሽ።

ባልሽን ነው? ተዪው፣ አትጥሪው። ያን የሚያህል የጆሮ ማዳመጫ ደፍቶ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሯል፤ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። እንደ ልባችን እናውራ።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ... አታውቂያትም። እንደኔው ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ልብስ ታሰፋለች ወይ እንዳትዪኝ፤ ፀጉር አስተካካይስ የራሱን ማጅራት ራሱ ይላጫል እንዴ? የሷም አባት ጊታር ይጫወታሉ፣ እንደ አባባ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ እንደ አባባ። የሳቸውም የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት አልታጠፍ ብላ ሰኞ ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ሐኪሙም «ሕመሙ ይተውዎታል፤ የጊታር ክር ስለመጫኑ ግን ቃል አልገባም» ብሏቸዋል። ግጥምጥሞሹን አየሽልኝ? እኔም ስትነግረኝ ገርሞኛል። ታናሽ እህትም አለቻት፣ ነፍሰ ጡር። ስንት ወሯ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሆዷ ግን ያንቺን ያክላል አሉ።

የዚህች የታናሽየዋ ባል ነው እንግዲህ፣ ሰኞ ሳይደርስ የአማቴን ጨዋታ ልቅዳላቸው ብሎ የተነሳው። ስንቱ አማች እንዲህ ያስባል? እንዴት ያለ ጥንቁቅ ልጅ መሰለሽ! ሥራውን በመለካት ነው የሚጀምረው። ከደንበኛዬ የስፌት ሜትር ተውሶ... አዎ፣ የኔንም ሜትር ባልሽ ወስዶ አልመለሰውም፣ አጋጣሚ ነው... ከሽማግሌው ጉልበት እስከ ማይኩ፣ ከማይኩ እስከ ግድግዳው፣ ከግድግዳው እስከ መጋረጃው ለካ። ሽማግሌው ሱፍ ሊያሰፋላቸው መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ አሉ።

እውቀቱንማ አታንሺው። «ጥሩ ድምፅ ውድ ማይክ አይፈልግም» ይላል። ልክ ነው፤ ማይኩ ከአንድ ጥንድ ጫማ አይበልጥም። «የጊታሩ ቀዳዳ ፊት ከደቀናችሁት ድምፁ ያጉረመርማል፤ አንገቱና ሆዱ ከሚገናኙበት አንጻር፣ ስንዝር ተኩል ራቅ አድርጉት» ይላል። እሱም ልክ ነው። ባዶ ክፍል ያስተጋባል ብሎ ግድግዳውን በብርድ ልብስ አለበሰው። ፍሪጁ አብሮ ያንጎራጉራል ብሎ ነቀለው፤ መልሶ መሰካቱን ረሳና ወተቱ ተበላሸ። ለጥበብ ሲባል ወተት ቢበላሽ ምን አለበት? ሁሉን ያውቃል ስልሽ! እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሌላው ሰው ማሰብ ሁሉ አይጠበቅበትም።

ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽማግሌው እየተጫወቱ፣ እሱ ማይኩን በጣት ስፋት ወደዚህ፣ በጣት ስፋት ወደዚያ። ከዚያ ሰብስቦ አሰማቸው። እንግዲህ እኔ አልነበርኩም፣ የሰማሁትን ነው የማወራሽ... ሽማግሌው ከጎረቤት ቤት የሚጫወቱ ይመስሉ ነበር አሉ። ቅርብ ሆኖ የሚሰማው ምን መሰለሽ? የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ፣ የፊደል ገበታው ቀጭ ቀጭታ፣ እና የልጁ የራሱ ትንፋሽ። መሃል ላይ ሆዱ ይጮሃል። ሆዱ ብቻ እንዴት ጥርት ብሎ እንደተቀዳ! እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እያወዛወዘ፣ «የማይኩን ሙቀት ሰማችሁልኝ?» አላቸው። ሽማግሌውም፣ ጨዋ ናቸው፣ «አዎ ልጄ፣ ሞቅ ይላል» አሉት።

አትሳቂ... ሆድሽን ያምሻል።

ደንበኛዬ ግን የክር ሰው ናት። እኛ መርፌው ክር መያዙን ዝም ብለን አይተን አናምንም፤ ሳብ አድርገን ነው። ልጁ ስልክ ሊያናግር ደጅ ብቅ ሲል ማይኩን በጥፍሯ ቆርቆር አደረገችው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ንቅንቅ አላለችም። ቀጥላ ኮምፒዩተሩን ቆርቆር... ዘለለች! ለካ ኮምፒዩተሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያዳምጥ የኖረው እዚያው ሆዱ ውስጥ በተገጠመችው በገዛ ራሱ ትንሽዬ ማይክ ነው። ያኛው፣ ያ በሜትር የተለካው፣ ገመዱ ተሰክቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ፊቱ ወደ ሽማግሌው ነው... ግን ኮምፒዩተሩን «እሱን ስማ» ያለው የለም። አንዲት ጠቅታ ናት የቀረችው። ላም አለኝ በሰማይ ድሮ ቀረ እህቴ፤ አሁን ላሟ ደጅሽ ቆማ የጎረቤትሽን ነው የምታልቢው።

ትንገረው አትዪኝም? እኔም እንዳንቺው «ንገሪው» አልኳት። «እንዴት ብዬ!» አለች። ባለፈው «የአባባ ወንበር ሲጢጥ ይላል፣ እሱም እየተቀዳ ነው» ብትለው ገመዱን ሁሉ ጠቅልሎ አራት ቀን እነሱ ቤት ድርሽ አላለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ገመድ ቢያብር ደግሞ አማች ያስኮርፋል። አሁን አራት ቀን ከየት ይመጣል? ሰኞ ማለት ከነገ ወዲያ ነው።

እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ኮሌታ ላይ የምትሰካ፣ ጥፍር የምታክል ርካሽ ማይክ አለቻት። ስልኳ ላይ ሰካቻትና አባቷን ለልክ በተሰቀሉት ሱፎችና ካፖርቶች መሃል አስቀመጠቻቸው። ማይኳን በልብስ መስቀያ ፊታቸው አንጠለጠለቻት። ያ ሁሉ ጨርቅ እያለ ድምፅ ወዴት ሄዶ ያስተጋባል? አራት ዜማ ቀዳች። ጣታቸው ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር ይሰማል፤ አፍንጫሽ ሥር ናቸው። አምስተኛዋን ግን እምቢ አሏት።

አምስተኛዋ ለሟች ሚስታቸው ያወጧት ናት። ልጆቹ ሕፃን ሳሉ መብራት ሲጠፋ፣ እንዳይፈሩ በጨለማ የሚጫወቱላቸው። እኛም ቤት እንደዚያ ያለች አለች አይደል?... አንቺ ቶሎ ትተኚ ነበር፤ እኔ ነኝ እስከ መጨረሻዋ የምሰማት። «እሷን አማቼ ሲመጣ ነው የምጫወታት» አሉ። «ልጁ ስንት ደክሞብኛል። የሱ ድርሻ ትሁን።» ይሄን ስሰማ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ የስፌት መኪናዬን አቁሜ አለቀስኩ። ሰው እንዲህ ታምኖ ያቺን የመጨረሻዋን ዜማ ለሆድ ጩኸቱ ማጀቢያ ያደርጋታል?

ስለዚህ መከርኳት። ፊት ለፊት አትንገሪው አልኳት። እህትሽን አጫውቻት፤ እሱ እዚያው ካለ ደግሞ ድምፅሽን ብዙም አትቀንሺ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አንዳንዱ ባዳ ግን ጥግ ይዞ ያዳምጣል አልኳት። አጠፋሁ?

አንቺ፣ ያ ገመድ የምንድን ነው? ቀጭኑ፣ እግርሽ ሥር ያለው... ቀስ፣ አትርገጪው! የጆሮ ማዳመጫው ጫፍ ነው መሰለኝ። ምንም ላይ አልተሰካም እንዴ? ቁጭ ካልን ጀምሮ እዚያ ነው የተኛው?... አይ፣ ተዪው፣ አትንገሪው። ትኩረቱን ታጠፊበታለሽ። ማጅራቱ መቅላቱስ? ሙቀት ነው። ይሄ ሁሉ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ማን የማይቀላ አለ?

እዪው፣ እዪው... ማውሱን ያዘ። ጠቅ። አንዴ ብቻ! አሁን ደግሞ ተነስቶ ማይኩን በጥፍሩ... ቆርቆር። ያቺ መስመር ጣሪያ ልትነካ ምን ቀራት! እንዴት ያለ ቀልጣፋ ባል ነው ያለሽ? ያ የደንበኛዬ የእህት ባል ያንቺን ባል ግማሽ ቢያክል ኖሮ ሦስት ሳምንት ባልፈጀበት።

አባባ፣ ኑ፣ በዚህ በኩል። አይ፣ ያኛው ወንበር ይቅር፣ ይሄኛው ሲጢጥ አይልም። ቀስ ይበሉ፣ ገመዱን... ሁሉም ተሰክቷል፣ አይስጉ። ያችኛዋን ነው የሚጫወቱት አይደል? እሰይ።

እስኪቃኙ ድረስ አንድ ነገር ብቻ። ሰው ሲያነሱ ሲጥሉ ውለው ሳይመርቁ መለያየት ነውር ነው። ለዚያ ለማታውቂው ልጅ ነው የምመርቀው፤ እጅሽን ዘርጊ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቤቱ ይሙላ። ዓይኗ የሚያምር ሴት ልጅ ይስጠው፣ አድጋ ትዳርለት። እሱም ወግ ደርሶት ይሸምግል፤ ጣቶቹ እንቢ ሲሉትና አንዲት የቀረችውን ነገር ለልጅ ልጆቹ ላቆይ ብሎ ሲቀመጥ... ከፊቱ ሜትር ይዞ የሚቆምለት፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ አማች ይስጠው። አሜን በይ እንጂ!