ለአንድ ቋንቋ ሁለት ዓመት

ክልላችን ገና አዲስ በነበረበት፣ በትምህርት ቢሯችን ሠራተኛው ከወንበሩ በሚበዛበት ዘመን፣ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስመለስ የመኪናችን ሞተር ጋለ። ሾፌሩ ውኃ ፍለጋ ወደ መንደር ሲገባ እኔም ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ የማንጎ ዛፍ ተጠጋሁ። ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው ሻንጣዋን እግሯ ሥር ያደረገች ወጣት ቆማለች። ሁለቱም አኩርፈዋል። እኔ ደግሞ ክርክር ካገኘሁ መንገዴን የምረሳ ሰው ነኝ።

ሽማግሌው ሼህ ጣሀ ይባላሉ። በገበያ ቀን በርታውን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውንና ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ የሚመጣውን ዓረብኛ ተናጋሪ ነጋዴ የሚያስማሙ፣ የታወቁ አስተርጓሚ ናቸው። ወጣቷ ልጃቸው ነዕማ ናት። አሶሳ የመምህራን ኮሌጅ ገብታ እንግሊዝኛ ስታጠና አንድ ዓመት ሆኗታል። ዕረፍቷን ጨርሳ ልትመለስ ስትነሳ አባቷ «ይብቃ» ብለው ከለከሏት።

«ያ ኡስታዝ፣ አንተ ፍረድ» አሉኝ ሥራዬን እንደነገርኳቸው፤ በዓረብኛ «አንተ መምህር» ማለታቸው ነው። «እኔ አራት ቋንቋ አውቃለሁ። ዓረብኛ ኩርሙክ ማር ስሸጥ ለመድኩ። ኦሮምኛ ባምባሲ ገበያ ለመድኩ። አማርኛ ከወታደር፣ ከነጋዴ። ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ይሄ ልጅ ግን ለአንድ ቋንቋ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። እንግሊዝ ደግሞ እዚህ የለም። ከማን ጋር ይነጋገራል?»

የሼህ ጣሀ አማርኛ ፈጣን ነው፤ ሴትና ወንድ ግን አይለይም። ጥያቄያቸው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ብዙ የተማሩ ሰዎች ቢጠየቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝም የሚሉበት ነው።

ነዕማ ግን ዝም አላለችም። «አባቴ፣ ገበያን አልናቅሁም» አለች በትሕትና። «ነገር ግን እናቴ ይህን ሁሉ ዘመን ከእርስዎ ጋር ኖራ ዓረብኛ አታውቅም። ወንድሜ ሙርሳል ኦሮምኛ አይሰማም። እርስዎ ያወቁትን ለቤትዎ እንኳ አላካፈሉም።»

«ቋንቋ ዳቦ ነው እንዴ የሚካፈለው? ምላስ ከአላህ ነው። ለእኔ ሰጠ፣ ለእነሱ አልሰጠም።»

«ይካፈላል እንጂ። ኮሌጅ የምማረው እንግሊዝኛን ብቻ አይደለም፤ ለማያውቀው ሰው ቋንቋ እንዴት እንደሚሰጥም ነው። ሙርሳል ትምህርቱን የተወው ሰነፍ ሆኖ ነው? ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም ሒሳቡም እንግሊዝኛ ሆነበት። የሚያቀብለው አስተማሪ አጣ፤ ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ ወረደ። እኔ እዚህ ከቀረሁ ከእሱ በኋላ ያሉትም ወደዚያው ይወርዳሉ።»

የሙርሳል ስም ሲነሳ ሼህ ጣሀ አንገታቸውን ደፉ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ከሚሉት ሽማግሌዎች ወገን ቢሆኑም ልጃቸውን ይወዳሉ፤ የሙርሳል ነገር ያንገበግባቸዋል።

በዚህ መሐል ከወለጋ መጥታ አጠገባቸው የምትኖረው ወይዘሮ ጸሐይ ለነዕማ ስንቅ የሚሆን ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ሼህ ጣሀ «አካም ጂርታ» ብለው በኦሮምኛ ተቀበሏት፤ እሷም በኦሮምኛ መለሰች። የጎረቤታሞች ወግ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እሳቸው የእሷን ቋንቋ ስለሚያውቁ፣ የእሳቸው በርታኛ አስፈልጓት አያውቅም።

ሼህ ጣሀ ቀና አሉ። «እንግዲያው አሳይ» አሏት ልጃቸውን። «ጸሐይ በርታኛ አንድ ቃል አያውቅም። መኪናው እስኪበርድ አስተምረው። ኮሌጅ እውነት ከሆነ እናያለን።»

«ኧረ ተዉኝ፤ ሰው ይስቅብኛል» አለች ጸሐይ።

«የሚስቅ ከክፍሌ ይወጣል» አለች ነዕማ፤ «አባቴም ቢሆኑ።»

ከዚያ ማብራሪያ አላበዛችም። ከቆሎው ዘግና በጸሐይ መዳፍ ላይ እያደረገች፣ በርታዎች ለእንግዳ ምግብ ሲሰጡ የሚሉትን አለች። መልሳ ወሰደች፤ ደግማ ሰጠች፤ ደግማ አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ጸሐይ ስትሳሳት አልገሠጸቻትም፤ ትክክሉን ራሷ ብላ እንደገና አስጀመረቻት። ሼህ ጣሀ ሊያቀብሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ነዕማ ጣቷን አነሣች፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ ዝም አሉ። ሰላምታውንም እንዲሁ አስያዘቻት።

በመጨረሻ ጸሐይ ቆሎውን በሁለት እጇ ይዛ ሽማግሌው ፊት ጎንበስ አለች። በሚሰባበር በርታኛ ሰላም አለቻቸው፤ ቤተሰባቸው ደኅና መዋሉን ጠየቀች፤ «ይብሉ» ብላ ሰጠቻቸው።

ሼህ ጣሀ ቆሎውን ተቀብለው ሳይበሉ ቆዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ያ ጸሐይ» አሉ፤ «እኔ ወደ ሰው ሁሉ ቋንቋ ሄጃለሁ። ወደ እኔ ቋንቋ የመጣ የለም። ዛሬ አንተ መጣህ።»

ጸሐይም አለቀሰች፤ እኔም ልቤ በኩራት ሞላ፤ አልደብቅም። በክልላችን አንድ ገበያ ላይ አምስት ቋንቋ ይሰማል። ታዲያ ቋንቋን ተቀብሎ ማቀበል ከሚችል ሰው ይልቅ ለእንዲህ ያለ አገር የሚበጅ ማን አለ? ለበርታው ልጅ እንግሊዝኛን የሚሰጥ ሙያ፣ ለጎረቤቱ ደግሞ በርታኛን ይሰጣል። እንደ ነዕማ ያሉ መምህራን ሲበዙ የእኛም ልጆች ሳይንሱን በሰባተኛ ክፍል አይሸሹትም፤ ሐኪሙም መሐንዲሱም ከዚሁ ሰፈር ይወጣል። የራሳቸውን ቋንቋም አያፍሩበትም፤ ሌላ ሰው ሊማረው የሚገባ መሆኑን አይተዋልና።

መኪናው በረደ። ነዕማን አሶሳ ድረስ እንድናደርሳት ሼህ ጣሀ ሻንጣዋን ራሳቸው ተሸክመው መኪናችን ላይ ጫኑ። «በርትተህ ተማር» ብለው ልጃቸውን መረቋት፤ «ስትመለስ ከሙርሳል ጀምር።» ከዚያ ወደ እኔ መስኮት መጥተው፣ ነዕማ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይሄ ትልቅ ሙያ ነው» አሉኝ። «ሁለት ዓመት አያንስም?»