ተዘቅዝቀው የሚሄዱት ሰዎች

መድኃኒት ስቀምም ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ከቤቴ የምወጣው ዳቦ ለመግዛትና ከሰው ጋር ለመከራከር ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዳቦዬን ይዤ ስመለስ ጎረቤቴን፣ የሟቹን ልብስ ሰፊ ባለቤት፣ ከአንድ ደላላ ጋር በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቤቱን ሊሸጡት ነው። ጆሮዬን አላመንኩም።

ያ ቤት ለእኔ እንዲሁ ቤት አልነበረም። የመንገድ ዳሩ ክፍል መስኮት ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ብሎ ይከፈት ነበር፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የስፌት መኪናውን እያንቀጫቀጨ አላፊ አግዳሚውን ይለክፋል። "ዶክተር፣ ይኼ ሱሪህ ካንተ በፊት ጡረታ ይውጣ እንጂ!" ይለኝ ነበር፣ ዶክተር አለመሆኔን እያወቀ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! እሱ ካረፈ ወዲህ መስኮቱ ተዘግቶ መንገዱም ጭር ብሏል።

"እትዬ፣ ምን ተገኘና ነው?" አልኳቸው ደላላው ሲሄድ።

ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የባሌ መስፊያ ክፍል ውስጥ ሰዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቀው ይሄዳሉ፣ እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች። ለሐዘኑ ብዬ ክፍሉን ከዘጋሁት በኋላ ነው የመጡት። ባሌ ቢቀየመኝ ነው። ከዚህ ቤት ካልወጣሁ አብዳለሁ።"

ዳቦዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ተዘጋው መስኮት ዞርኩ። ደግነቱ የወንድማቸው ልጅ፣ ሳይንስ የምታስተምረው፣ ልትጠይቃቸው መጣች። ነገሩን ስትሰማ ፊቷ በራ።

"አክስቴ፣ እስቲ ያሳዩኝ።"

"ተይ ልጄ፣ የሟች ክፍል ነው፤ አይነካካም።"

"ቤቱን ለማያውቁት ሰው ከሚሸጡ፣ ክፍሉን ለእኔ ቢያሳዩኝ አይሻልም?"

እያመነቱ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ገብተን በሩን ስንዘጋ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ዓይናችን ሲለምድ ግን ነጩ ግድግዳ ላይ መንገዱ ተዘቅዝቆ ታየ። ሰማዩ ከታች ነው፤ አንድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጣሪያው ሥር በራሱ ተተክሎ አለፈ። አልዋሽም፣ እኔም ፀጉሬ ቆመ።

"ይኸውላችሁ!" አሉ እትዬ ክንዴን ጨምድደው።

ልጅቷ ወደ ተዘጋው የእንጨት መስኮት ዞረች። "ይህ ቀዳዳ የምንድን ነው?"

"የሚስማር ነው። ሜትሩን ይሰቅልበት ነበር። ክፍሉን ስዘጋ የእሱ እጅ ያረፈበት ነው ብዬ ነቅዬ አስቀመጥኩት።"

"እንግዲያው እንግዶቹን ያስገቧቸው እርስዎ ነዎት። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን የመንገዱን ሥዕል ይዞ ይገባል።"

"ብርሃን ከሆነ እሱ በሕይወት ሳለ ለምን አልመጣም?"

"እሱ ሳለ ይህ መስኮት ቀን ቀን ተዘግቶ ያውቃል?"

እትዬ አሰቡ። "አያውቅም" አሉ ቀስ ብለው። "መታፈን አይወድም ነበር።"

"ክፍሉ ብርሃን ከሞላው ይህ ደካማ ሥዕል ይጠፋል። የሚታየው በጨለማ ብቻ ነው።"

"እሺ ይሁን። መዘቅዘቁስ? ብርሃን ደግሞ ይሰክራል?"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ሲቀልዱ ከሰማኋቸው ስንት ጊዜ ሆኖኛል! ልጅቷ ከመሳቢያው ቀይና ጥቁር ክር መዝዛ በቀዳዳው አሾለከችና ወጣች። መንገዱ ማዶ ቆማ ጥቁሩን ጫማዋ ላይ አሰረች፤ ቀዩን ግንባሯ ላይ ያዘች። "አሁን ሁለቱንም ወጥረው ግድግዳው ድረስ ይውሰዱ!" ብላ ጮኸች።

እትዬ ወጠሩት። ከግንባሯ የመጣው ቀይ ክር በቀዳዳው አልፎ ወደ ታች ወረደ፤ ከጫማዋ የመጣው ጥቁር ወደ ላይ ወጣ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ልጅቷ ራሷ ተዘቅዝቃ ቆማለች፤ ቀዩ የደረሰው ልክ ግንባሯ ላይ፣ ጥቁሩም ጫማዋ ላይ ነበር።

"ብርሃንም እንደዚያ ክር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው!" አለች ከውጭ። "ቀዳዳዋ ላይ ተላልፎ የላዩ ከታች፣ የታቹ ከላይ ያርፋል!"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባላቸው ጎን ክር ሲወጥሩ የኖሩ ሴት ናቸውና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ስል ግን በልብስ ሰፊው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አየኋቸው።

"እንግዲያው እሱ አልመጣም ማለት ነው" አሉ። "እየፈራሁም ቢሆን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እንዴት አደርክ እለው ነበር።"

ተመልሳ የገባችው ልጅ ሰምታ ኖሮ አጠገባቸው ተንበረከከች። "አክስቴ፣ አልተቀየመዎትም ማለትም እኮ ነው።"

እትዬ የልጅቷን እጅ ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው መስኮቱን በሁለት እጃቸው በረገዱት። ፀሐይ ገባች፤ ሥዕሉ ጠፋ፤ አቧራ የጠጣው የስፌት መኪና ታየ። የጓደኛዬን መኪና ሳይ እኔም ሆዴ ባባ። ሆዴ ሲባባ ደግሞ መስበክ እወዳለሁ።

"አዩ እትዬ" አልኩ፤ "ሰው ያስፈራውን ነገር ቀርቦ ከመረመረ ከቤቱ አይሰደድም። የታፈነ ክፍልም ለሳንባ አይበጅ፣ ለሐዘን አይበጅ። መጠየቅ ለተማሪ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እንዲያውም እንደኛ ጊዜ የተረፈው ሰው..."

"ገባኝ፣ ገባኝ። ቤቱን አልሸጥም። መስኮቱም ቀን ቀን ይከፈታል" አሉና ዓይናቸውን ጠርገው ወንበር ሳቡልኝ። "አሁን ዝም ብለው ይቀመጡ። አንቺ ልጅ፣ ለአፍታ መልሰሽ ዝጊው። ሳልፈራ አንድ ጊዜ ልየው።"