የልብስ ሰፊው ክንድ

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። አቶ ወልደጻድቅ ከባህል አዳራሽ ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ፣ ልብስ ሰፊው ጠሀ ከብስክሌቱ ወድቆ አስፋልት ዳር ተቀምጦ አገኙት። ግራ ክንዱ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ጎብጧል። አቶ ወልደጻድቅ በጡረታ የተገለሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢሆኑም ሰፈሩ የሚያውቃቸው በወጌሻነታቸው ነው፤ ይህንንም ስማቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። ወዲያው እጅጌያቸውን ሰብስበው ከከበቧቸው ሰዎች አንዱን ለቅቤ፣ ሌላውን ለቀርከሃ ላኩ።

ክንዱን ሊስቡ ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ፀደይ ደረሰች። በጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና፣ "ጋሼ፣ እባክዎ አይሳቡት" አለች።

ሰው ፊት መታረም ለማንም አይጥምም፤ ለአቶ ወልደጻድቅማ ጭራሽ። ስብራት በትኩሱ ካልተሳበ ጠሞ እንደሚቀር፣ ይህንንም እሷ ሳትወለድ ጀምሮ እንደሚያውቁ ገለጹላት።

"ያዳኑትን አልክድም" አለች ፀደይ። "ግን የተሰበረ አጥንት ጫፉ ስለታም ነው፤ ሲሳብ ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል። ውስጡን የሚያሳየው ራጅ ነው።"

"እንግዲያው አልስብም፤ ጥብቅ አድርጌ ልሰረው።"

"የምፈራው ጥብቁን ነው፣ ጋሼ። ክንዱ ያብጣል፣ ማሰሪያው ግን አይላላም። ደም ሲያጣ ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይሞታል።"

አቶ ወልደጻድቅ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዓመታት በፊት ያከሙት የቱላው ገበሬ ኩማ ትዝ አላቸው። እሳቸው ባሰሩት በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ሲደነዝዙ፣ ብርድ ገብቶት ነው ብለው ይባስ አጠበቁት። ጣቶቹ ዛሬም አይታጠፉም። ብርዱን ሲወቅሱ የኖሩት ሰውዬ አሁን ገና አፈሩ።

"ጨርቁን የሚመራልኝ ይሄ እጄ ነው፤ ልጆቼ የሚበሉት በሱ ነው" አለ ጠሀ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ። "እሺ ልጄ፣ እንዴት ላድርግ?"

ፀደይ እየነገረቻቸው፣ ክንዱን እንደጎበጠ ሳያንቀሳቅሱ፣ ከሱቅ የመጣ ካርቶን አጥፈው፣ ሻሽ ደልድለው፣ ከክርኑ በላይ እስከ መዳፉ ደገፉት። ከስብራቱ ወዲህና ወዲያ አላልተው አሰሩ፤ በነጠላቸውም አንገቱ ላይ አንጠለጠሉት። ጥፍሩን ጫን ሲያደርጉት ነጣ፣ ሲለቁት ወዲያው ቀላ። ደሙ እንደሚሄድ በዓይናቸው አዩ። እነዚያ የለመዱ እጆች ለዚህም ሥራ የተመቹ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ራጅ ተነስቶ ጀሶ ተደረገለት።

ጠሀ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ፤ አምስቱም ጣቶቹ ይታዘዙታል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጦሙን አላደረም፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት አልቀሩም። ለዚህ ሁሉ የፈጀው አንድ ካርቶንና ጥቂት ትዕግሥት ነው።

በመስከረም ሐይቅ ዳር የአንድ ጥበቃ ትከሻ ወለቀ፤ ሰዎች ቅቤ ይዘው አቶ ወልደጻድቅን ጠሩ። እሳቸው ግን ትከሻውን አልነኩም፤ ክንዱን ደረቱ ላይ ደግፈው በነጠላ አሰሩና ባጃጅ አስጠሩ። እዚያው ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ያላት ከበቡሽ ተገረመች።

"ጋሼ፣ እጅዎ ከዳዎት እንዴ?"

"አልከዳኝም" አሉ ፈገግ ብለው። "ድሮ የማክመው ስሜን ነበር፤ ዛሬ ሰውየውን ነው።"

ከሰውየውም ጋር ባጃጁ ላይ ወጡ።