ከፍራንክፈርት ሮም ሁለት ሰዓት አይሞላም

— ሄሎ?... አቤት... የኔነሽ! የት ደረስሽ ልጄ?

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ቤቱ ውስጥ ላሉት ሰዎች በእጃቸው ዝም በሉ የሚል ምልክት ሰጡ። የእህታቸው ልጅ የደወለችው ከፍራንክፈርት ኤርፖርት ነው። ወንድሟ መንግሥቴ ትናንት ሮም ውስጥ ሕይወቱ አልፏል፤ እሷ የምታውቀው መታመሙን ብቻ ነው። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሮም ስትደርስ ሰው ከቧት ይነገራታል ተባለ። እስከዚያ ደብቆ ማቆየት አሜሪካ፣ ሲያትል ያሉት የአጎቷ ፋንታ ሆነ።

— መሳፈሪያው በር ላይ ነሽ?... ኦኬ። ቅርብ ነው፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም።... ኪሎ ሜትሩን አላውቅም፤ ስድስት መቶ ማይል ገደማ ነው አሉኝ። ከዚህ ሳክራመንቶ በይው።... አይ፣ አታውቂውም። ቅርብ ነው ለማለት ነው።

— ሐኪሙማ ይከታተለዋል።... አሁን ተኝቷል፣ አትደውዪለት።... እዚህ የሚሰማሽ ድምፅ? ንዋይ ነው። ማሞቂያችን ተበላሽቶ ሊሠራልን ከጎረቤት ከተማ ከኬንት መጣ።

የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ሸፈኑ።

— ንዋይ! ለቅሶህን ዋጥ አድርገው!

— አለሁ፣ አለሁ። እህል ቀምሰሻል?... ሳንድዊችም ቢሆን ብዪ።... ታክሲ አትያዢ! ይቀበሉሻል። የመንግሥቴ ሚስት ጥሩብርሃን አለች፣ ጓደኛው ገንዘብ ከነሚስቱ፣ የሐበሻው ማኅበር ሰዎች፣ ቄሱም...

እዚህ ላይ ያመለጣቸው ቃል ገባቸው። የታመመ ሰው እህት ለመቀበል ቄስ ኤርፖርት አይወጣም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት ከንፈራቸውን ነከሱ።

— ሄሎ?... የኔነሽ፣ ትሰሚኛለሽ?... አዎ፣ ቄሱም ነው ያልኩት።... ልጄ...

— ትናንት።... ከሰዓት በኋላ።... የለም፣ ብቻውን አልነበረም፤ ጥሩብርሃን እጁን ይዛው ነበር።... አልቅሺ። ፈረንጅ ቢያይሽ ቢያይሽ ነው፣ አልቅሺ።... አጠገብሽ ሐበሻ የለም?... አንድም?... ወይ አምላኬ!

— ቆይ፣ አትሳፈሪ! እዚያው ከተማ ሰው እፈልግልሻለሁ።... ቀብሩ ነገ ነው፣ አዎ።... እንዴት አድርገሽ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻሽን? ብዙ ነው እኮ!

የምትለውን አዳመጡ። ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ ደገፉ።

— እንዳላወቅሽ ሆነሽ ልትወርጂ?... አዎ፣ ጥሩብርሃንማ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።... አውቀሽ ብቻሽን በረርሽ ብላ እሷ እንዳትጸጸት... እሺ። አልነግራትም።... ገባሽ?... ስልክ አጥፉ አሉሽ?... አጥፊው። እግዚአብሔር ከ... ሄሎ?... ሄሎ?

ስልኩን ገና ሳያስቀምጡት እንደገና ጮኸ። ከሮም ነው። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

— ሄሎ... ጥሩብርሃን... አዎ፣ ተሳፍራለች።... የለም፣ የለም፣ ምንም አላወቀችም። ቀስ ብላችሁ ንገሯት።